ጠበኛ ውሻን በአደባባይ መያዝ፦ ከበትር ይልቅ ርቀት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ውሱን ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በቤቱ ገራም የሆነ ውሻ በመንገድ ላይ ሌላ ውሻ ሲያይ ለምን ይቆጣል? ባለቤቱስ ምን ያድርግ? ጥያቄው የውሻ ወዳዶች ብቻ አይደለም። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ በውሾች መካከልም በሽታው የሚዛመተው በዋነኛነት በንክሻ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚቀር እያንዳንዱ የውሾች ጠብ ለሕዝብ ጤና ጥቅም አለው።

ብዙዎች ይህን ባሕርይ ጀግንነት ወይም ክፋት ያደርጉታል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ፍርሃት ነው እላለሁ። ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ከሌሎች ጋር መላመድን የሚማርበት ወሳኝ ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። በአገራችን ለጥበቃ የሚያድግ ቡችላ ይህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ በግቢ ተዘግቶበት ያሳልፈዋል፤ ሌሎች ውሾችን የሚያውቃቸው ከአጥር ማዶ በሚሰማው ጩኸት ነው። አድጎ በገመድ ተይዞ ሲወጣ ደግሞ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ለተከለከለ እንስሳ የሚቀረው ማስፈራራት ነው። ሌላው ውሻ መንገዱን ሲቀጥል ጩኸቱ ያባረረው ይመስለዋል፤ ልማዱም ይጸናል።

በዚህ ጊዜ በበትር የተመታ ውሻ፣ ሌላ ውሻ ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ይማራል። ከቅጣቱ የተነሣ ማጉረምረሙን ቢተው እንኳ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው።

መፍትሔው ይህን ትስስር መገልበጥ ነው። ፓቭሎቭ ምግብን የሚያበሥር ምልክት ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያመጣ አሳይቷል። በዚሁ መርሕ መሠረት ሌላው ውሻ የመልካም ነገር ምልክት እንዲሆን እናደርጋለን። በመጀመሪያ ውሻችን ሌላውን እያየ ሳይጮኽ የሚቆይበትን ርቀት እንለያለን። ሌላው ውሻ በታየ ቁጥር ጥቂት ሥጋ እንሰጣለን፤ ከዓይን ሲሰወር እናቆማለን። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፤ ውሻው ይቀድማል፣ ሥጋው ይከተላል። ርቀቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እናሳጥራለን። ከጮኸ ወደ ኋላ ተመልሰን ርቀቱን እንጨምራለን፤ አንቀጣውም።

ይህ ጩኸትን መሸለም አይደለምን የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የምንለውጠው ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለውን ስሜት ነው፤ ፍርሃቱ ሲረግብ ጩኸቱ ምክንያት ያጣል።

በከተሞቻችን ግን ባለቤት አልባ ውሾች ስለሚዘዋወሩ ርቀቱ ሁልጊዜ በእጃችን አይደለም። ስለዚህ ጭር ያለ ሰዓትና ሰፊ መንገድ እንምረጥ። አፍን የሚሸፍን፣ ለማለክለክ የሚመች ቅርጫት መሰል ማሰሪያ ንክሻን ይከላከላል፤ ሆኖም ውሻው ጥቃት ቢደርስበት ራሱን መከላከል ስለማይችል ርቀትን አይተካም። ክትባቱ በየጊዜው ይታደስ። ውሾች ሲጣሉ እጃችንን በመካከላቸው አናስገባ፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ገራም የነበረ ውሻ በድንገት ጠበኛ ቢሆን ደግሞ ከሥልጠና በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ሕመም ወይም የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና።

ብሂላችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል። በአግባቡ የተሰጠ ጉርሻ ግን ዝምታንም ያስተምራል።