የሞጆውን ቀረጥ የሚከፍለው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የተጓዘ ሰው ሞጆን ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል። በዚህችው ከተማ ደረቅ ወደብ አለ።

«ባሕር በሌለበት ምን ወደብ አለ?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ከመርከብ የሚወርደው ጅቡቲ ላይ ነው። ከዚያ ኮንቴይነር በሚባለው ትልቅ የብረት ሣጥን እንደታሸገ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ይጫናል። ብዙው ሞጆ ደርሶ ይራገፋል። ሣጥኑ የሚፈተሸው፣ ወረቀቱ የሚታየው፣ ቀረጡም የሚከፈለው እዚያ ነው። ደረቅ የተባለው ውሃ ስለሌለው ነው እንጂ ሥራውስ የወደብ ሥራ ነው።

እናንተ ሞጆ ሄዳችሁ ቀረጥ ከፍላችሁ አታውቁም። እዚያ ቆሞ የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ዳሩ ግን እስቲ ቤታችሁን ተመልከቱ። የእጅ ባትሪው፣ ሞባይሉ፣ የልጆቹ ጫማ ከውጭ የመጣ ከሆነ በጉምሩክ በር አልፎ ነው የመጣው። በበሩ ላይ የተከፈለው ገንዘብም ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

ቀረጥ እንዴት ይቆጠራል?

የጉምሩክ ቀረጥ ማለት ዕቃ የአገርን ድንበር ሲያልፍ መንግሥት የሚያስከፍለው ገንዘብ ማለት ነው። አባቶቻችን ኬላ ያውቃሉ፤ ጭነት ይዞ የሚያልፍ ሁሉ ይከፍል ነበር። ጉምሩክም የአገር ኬላ ነው። ወደ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጡ እንደ ዕቃው ዓይነት ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል።

እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ከማጓጓዣውና ከመድኑ ጋር 10 ዶላር የወጣበት ዕቃ አለ እንበል። አንዱ ዶላር 100 ብር ቢሆን ዕቃው 1000 ብር ነው። 35 በመቶ ቀረጥ 350 ብር ነውና ድምሩ 1350 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለት 202 ብር ከ50 ሳንቲም ይታከላል። በድምሩ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ ማለት 155 ብር ከ25 ሳንቲም ይመጣል። ጠቅላላው 1707 ብር ከ75 ሳንቲም ሆነ። ሌሎች ክፍያዎችን አልቆጠርንም። የመኪናው ኪራይና የነጋዴው ትርፍም ገና ነው።

አሁን ሌላ ነገር አስተውሉ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ የዚህ ዕቃ ቀረጥ 199 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ 35 በመቶው ሳይነካ ቀረጡ በብር ጨመረ ማለት ነው። «ቀረጥ አልተጨመረም» የሚል ሰው አልዋሸም፤ እናንተ ግን የበለጠ ከፍላችኋል።

ሱቅ ገዝታችሁ ደረሰኝ ስትቀበሉ አንብቡት። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የጉምሩክ ቀረጡ ግን አይጻፍም። ዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣል።

የሁለት ወገን ክርክር

ታዲያ ቀረጥ ለምን አስፈለገ? በዓለም ላይ ክርክሩ ከተነሣ ብዙ ዘመኑ ነው።

አንደኛው ወገን «ቀረጥ ችግኝን ከከብት እንደሚጠብቅ አጥር ነው» ይላል። አዲስ ፋብሪካ ከውጭው ትልቅ ፋብሪካ ጋር ወዲያው መወዳደር አይችልም። የውጭው ዕቃ በቀረጥ ሲወደድ የአገሩ ይገዛል፤ ወጣቱም ሥራ ያገኛል። ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚሆን ገንዘብም ይሰበሰባል።

ሌላው ወገን ደግሞ «በአጥር ውስጥ የኖረ ፋብሪካ ይሰንፋል» ይላል። ዕቃው ሳይሻሻል ዋጋው ይወደዳል፤ ውድነቱን የሚሸከመው ገዢው ነው። የተቀረጠውም አገር ዝም አይልም። በተራው የእኛን ቡናና ሰሊጥ በሩ ላይ ያስከፍላል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እንግዲህ በተግባር የሆነውን እንይ።

በአሜሪካ የሆነው

በ1922 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ቀረጡን በጣም ከፍ አደረገ። አንዱ ምክንያት ገበሬውን ከውጭ እህል እንጠብቅ የሚል ነበር። ካናዳና ሌሎች አገሮች ግን በአጸፋው የአሜሪካን ዕቃ ቀረጡ። የአሜሪካ ገበሬ ምርቱን የሚሸጥበት የውጭ ገበያ ጠበበበት። ለእሱ የታጠረው አጥር እሱኑ አጠረው። ከ1921 እስከ 1926 ዓ.ም. የዓለም ንግድ በገንዘብ ሲታሰብ ወደ አንድ ሦስተኛ ግድም ወረደ። በዚያን ጊዜ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበረ ጥፋቱ ሁሉ የቀረጥ ነው አይባልም። ቀረጡ ግን አባባሰው።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አሜሪካ እንደገና በብዙ አገሮች ዕቃ ላይ ቀረጥ ጣለች። በኢትዮጵያ ላይ የተጣለው 10 በመቶ ነበር፤ ቡናችንም ተነካ። አሜሪካ የምታበቅለው ቡና እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ አጥሩ የትኛውን ችግኝ ጠበቀ? በሌላ ምክንያት የተወደደው ቡና በጠጪው ላይ ይባስ ተወደደ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ቡና ከዚያ ቀረጥ እንዲወጣ ተደረገ።

የእኛው ቆዳ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቀረጥ በሚገባው ዕቃ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚወጣውም ላይ ይጣላል። በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ተደረገ። 100 ብር የሚያወጣውን ቆዳ ለመላክ 150 ብር መክፈል ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ማን ይልካል? በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ቀረጡ ክረስት ለሚባለው፣ ለፍቶ ማጠናቀቂያው ብቻ ለቀረው ቆዳ ተዘረጋ።

ዓላማው ግልጽ ነበር። ቆዳው እዚሁ ለፍቶ፣ ጫማና ጃኬት ሆኖ ይውጣ፤ ቆዳ ፋብሪካ ባለባቸው እንደ ሞጆ ባሉ ከተሞች ሥራ ይብዛ ነው። በዚያው በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለ የቻይና ጫማ ፋብሪካ ዱከም ላይ ሥራ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጥሯል።

ገበሬውስ? የቆዳው ገዢ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ፋብሪካዎቹ ለኬሚካል መግዣ የውጭ ምንዛሪ ሲያጡ ግዢ ቀነሱ። በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ በዛ። ዱሮ በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። ኋላ ግን የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ ሲጣል በዓይናችሁ አይታችኋል። ጥፋቱ የቀረጡ ብቻ አይደለም። ግን ቀረጡ የውጭውን በር ዘግቶ ነበርና የውስጡ ገዢ ሲደክም ገበሬው የሚሄድበት ሌላ በር አጣ።

ሦስት ጥያቄዎች

ዋጋ የጨመረ ሁሉ በቀረጥ ነው አትበሉ። ማዳበሪያ የጉምሩክ ቀረጥ የለበትም፤ ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ሲናወጥ ዋጋው እጅግ ወጣ። ስለ ቀረጥ ስትሰሙ ግን እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ።

1. አጥሩ የሚጠብቀው የማንን ችግኝ ነው?

2. የአጥሩ ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል?

3. ችግኙ ዛፍ ሲሆን አጥሩ የሚነሣው መቼ ነው?

ጥያቄው የሩቅ አይደለም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን አመለከተች። በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካን ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነት አጸደቀች። እንዲህ ያለው ስምምነት ቀረጥን ደረጃ በደረጃ ያስቀንሳል። የሌላው አገር በር ለእኛ ምርት ሲከፈት የሞጆም በር ለሌላው ምርት ይከፈታል።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት። በገበሬ ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይም አንሡት። የቆዳውን ነገር ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለምና መናገርም ከእናንተ ይጀምር።