የተጎዳ ጉልበት የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴን ለማቆም ምክንያት አይሆንም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በደጋን በኩል ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት የበዛበት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ ሸክም ተሸክሞ ወይም ከብት ነድቶ ገበያ ለሚውል ሰው ጉልበቱ የመተዳደሪያው መሠረት ነው። በዕድሜ ብዛት ወይም በአደጋ ጉልበቱ የተጎዳበት ሰው ፈጽሞ ከእንቅስቃሴ ሲርቅ ግን ሕመሙ ሊባባስ ይችላል።

በሜዳ ላይ ስንራመድ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ደረጃ ስንወርድ ወደ ሦስት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ይህንን ጫና በዋነኛነት የሚሸከመው የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻው በሥራ ማጣት ሲሟሽሽ መገጣጠሚያው ድጋፉን ያጣል። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንትም የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ የሚዳረሰውም በእንቅስቃሴ ነው።

አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ቀኝ ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋርጦ ሩጫ ማቆሙን አስታውቆ ነበር። ይሁንና ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን ቀይሮ በሚያዝያ ወር በዚያው ዓመት የቪየናን ግማሽ ማራቶን አሸንፏል። የአንድ ቀን ሕመም የመጨረሻ ውሳኔ ሊሆን እንደማይገባ ይህ አንድ ማሳያ ነው።

እንቅስቃሴውን መቀጠል ማለት ግን እንደ ቀድሞው ከባድ ብረት ማንሳት ማለት አይደለም። ክብደቱን መቀነስ፣ ቁጢጥ ብሎ ከመነሳት ይልቅ ከወንበር ላይ ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ፣ በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር ሳያጥፉ ወደ ላይ ማንሳት፣ በአጭር እርከን ላይ መውጣትና መውረድ ይመከራል። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ እየደጋገሙ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን መሥራት በቂ ሲሆን፣ ለውጡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

በእንቅስቃሴው ወቅት ቀላል ሕመም መሰማቱ የሚያሰጋ አይደለም። ሕመሙ በማግስቱ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን መጠኑን መቀነስ ይገባል። ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች አንድ ኪሎ ግራም ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ግራም ያህል ይቀልላል።

ጉልበቱ በድንገት ያበጠ፣ አልታጠፍም ወይም አልዘረጋም ያለ፣ ሲረግጡበት የሚከዳ ወይም ትኩሳትና መቅላት የታየበት ሰው እንቅስቃሴውን አቁሞ በአፋጣኝ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል። ከዚህ ውጪ ላለው ሕመምተኛ የሚበጀው በልኩ የተመጠነ እንቅስቃሴን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው።