ስለ ጽኑ ልብ

ጽኑ ልብ ያለው ሰው ማለት ደስታና ኀዘን የማይሰማው ሰው ማለት አይደለም። ድንጋይ ደስታም ኀዘንም አይሰማውም፤ ነገር ግን ድንጋይን ልበ ጽኑ ብሎ የሚያመሰግነው የለም። ደስታ ሲመጣ ልብ ይሞቃል፥ ኀዘን ሲመጣ ልብ ይከብዳል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው፥ ነውርም የለበትም። ነውሩ ልብ በሁለቱ ተወስዶ ሥራውን ሲተው ነው።

አዝመራው ያማረለትን ገበሬ ተመልከቱ። አንዱ ጎተራው ሲሞላ ክፉ ዘመን ከቶ የማይመጣ ይመስለዋል። እህሉን በድግስ ይጨርሳል፥ ጎረቤቱንም ይንቃል። በሚመጣው ዓመት ውርጭ እህሉን ሲመታበት የሚበላውን ያጣል፤ የናቀውን ጎረቤት መለመንም ያፍራል። ሌላው ግን በጥጋብ ዘመን ዘሩን ይለያል፥ ለክፉ ቀንም ያስቀምጣል። ውርጩ እርሱንም ያሳዝነዋል፤ ነገር ግን ሞፈሩን አይጥልም። እንግዲህ በኀዘን ቀን የሚጸና በደስታ ቀን መጽናትን የተማረ ሰው ነው። ብዙ ሰዎች ይህን አያስተውሉም፤ ጽናት ለመከራ ቀን ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል።

ሯጩ ሻምበል አበበ ቢቂላ ይህን በሕይወቱ አሳየ። በ1952 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሮማ ከተማ ማራቶን የተባለውን የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ እርሱ ግን ልምምዱን አልተወም። በ1957 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶክዮ ከተማ ሊሮጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ጥገና ወጣለት። ቢሆንም ዳግመኛ አንደኛ ሆነ። ሩጫውን በፈጸመ ጊዜ ሕዝቡ ሲጮኽለት እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉም የአገሩ ልጅ የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሚነዳው መኪና ተገለበጠ። ያ በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ብዙ ወር ታከመ፥ እግሮቹ ግን አልዳኑለትም።

ይህ ታላቅ ኀዘን ነው፤ ማንም ቀላል ነው አይበል። አበበ ግን ድሉን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ አደጋውንም እንዲሁ መቀበል እንደሚገባው ይናገር ነበር። መቀበሉም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። እጆቹ ብርታት ባገኙ ጊዜ ቀስት መወርወር ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ፤ በዚያም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። ይህ ለኢትዮጵያ ልጅ እጅግ እንግዳ የሆነ ጨዋታ ነው።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ያሸነፈበትን ሩጫ ሌሎች ሲሮጡት በወንበሩ ተቀምጦ ተመለከተ፤ ማሞ ወልዴም 3ኛ ወጣ። አበበ በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ዕድሜውም 41 ዓመት ነበረ።