ሽሮ ለእንግዳ ይቀርባል ወይ?

የቤት ለቤት ኅብረት ተራቸው ሲደርስ የሚቀሩ ቤተ ሰቦች አሉ። አንድ ሳምንት "ልጁ አሞታል"፣ በሌላው "ሥራ በዝቶብናል" ይባላል። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ ግን በቤት ያለው ሽሮ ነው፤ ለሥጋ የሚሆን ገንዘብ የለም። ባል "ተበድረሽም ቢሆን ሥሪ" ይላል፤ ሚስት "የሰጠኸኝ የአስቤዛ ገንዘብ የት ይደርሳል?" ትላለች። ወገኖቼ፣ ጸሎት የሚደረግበት ቤት በወጥ ምክንያት ይዘጋ?

በምሳሌ 15፥17 ጠቢቡ የጎመንን ገበታ ከሰባው በሬ ጋር ሲያስተያይ፣ የሚፈርደው በቤቱ ባለው ፍቅር ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በግልጽ ልናገረው። ረቡዕና ዓርብ ከፍስክ ስለማንታቀብ ሽሮና ምስርን "የጾም ነው" ብለን የምንንቅ አለን። እምነትን በሥጋ ወጥ ማሳየት አይቻልም፤ ሮሜ 14ን ማንበብ ይበቃል።

እስቲ እህቴ፣ ወደ ጓዳ እንግባ። የተፈጨ ሽሮ ከሱቅ ከምትገዢ ሽምብራውን ወይም አተሩን በጥሬው ግዢ። ለቅመሽ፣ ቆልተሽና ከክተሽ፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ነጭ አዝሙድ ጨምረሽ አስፈጪው። ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም። በርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ላይታወቅ ይችላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይድንም። መዘፍዘፍና መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። እህሉን በዓይንሽ አይተሽ ስትገዢ ግን የምታበዪውን ታውቂያለሽ።

ጤፍም እንዲሁ ነው። ማኛ ካልሆነ የሚያፍር ሰው አለ፤ ቀይ ጤፍ በምግብነቱ ከነጩ አያንስም። ሊጡን በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ማብላላትም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይህን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል። በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ጥሬ ቃሪያ ከወጡ ጋር ቢቀርብ ደግሞ ይረዳል።

ጌታችን አምስቱን ሺህ ካበላ በኋላ የተረፈው እንዳይጠፋ አስሰብስቧል (ዮሐ. 6፥12)። እንደገና ማብዛት የሚችል እርሱ ነው ያስሰበሰበው! የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ይድረቅ፤ ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የሻገተውን ግን ሻጋታውን ፍቀሽ አትመልሺው፤ ጣዪው። እንዲህ ያለው ቁጠባ በሐኪም ቤት ይከፈላል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ብስኩት ለብዙ ቤት ከባድ ሆኗል። በሶ ግን የራሳችን ገብስ ነው። በውኃና በጥቂት ማር ተበጥብጦ ለተማሪ ልጅ ጥሩ ቁርስ ይሆናል። ቆሎ ለትንንሾቹ አትስጪ፤ ያንቃቸዋል። ለእነርሱ በደንብ የበሰለና የላመ ንፍሮ ይሻላል።

ወንድሜ፣ ለአንተም ቃል አለኝ። ደመወዝህን ከሚስትህ ሰውረህ አስቤዛው ለምን አለቀ ብለህ ልትቆጣ አይገባም። ወር ሲገባ አሥራቱን፣ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን አብራችሁ ቁጠሩ። አዲስ እህል ገበያ በሚገባበት ወራት ሁለት ሦስት ቤተ ሰቦች ተባብራችሁ ጤፉንና ሽምብራውን በኩንታል ግዙ፤ ኩንታሉን መሸከም የወንድ ድርሻ ይሁን።

ኅብረቱም በአንድ ነገር ይስማማ፦ በየቤቱ አንድ ወጥና ጎመን ብቻ ይቅረብ፤ ለስላሳ መጠጥ ይቅር፤ ሻዩም ጥናቱና ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ይፈላ።