ሞተር ስትሸጡ ቁልፍ ብቻ አታስረክቡ

ዛሬ ጋራዥ የገባው ሞተር በጣም አናዶኛል፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ገዢው ገና ወጣት ነው፣ ሩዝ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ሐሙሲት ላይ ገዛው። ሻጩ «ከራሴ ስብስብ የወጣ፣ ኦሪጅናል ሱፐርሞቶ» ብሎታል። ልጁ ቤንዚን ሞልቶ ወደ ወረታ ሲመጣ ጉማራ ድልድይን እንዳለፈ ሞተሩ ቀጥ አለ። አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣልኝ። ስከፍተው ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተፋፍቋል፣ ፋሻው ከማረፊያው ጋር ተጣብቋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የዘይት ወዝ እንኳ የለም።

ነገሩ ግልጽ ነው። የዘይት ፓምፑ ከተነቀለ ቆይቷል፣ ቀዳዳው ተደፍኗል። ፓምፕ የሌለው ዲቲ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ካልተሰጠው ይነክሳል። ሻጩ ራሱ እየደባለቀ ሲነዳው ኖሯል፤ ለልጁ ግን አልነገረውም። ደውዬ ስጠይቀው «ገዢው ሞተር አያውቅማ» አለኝ። አላወቀም፤ ለዚህ እኮ ነው የሚነገረው!

ሰሞኑን ሞተር የሚሸጥ ስለበዛ ልዘርዝርላችሁ።

1. የተቀየረውን ሁሉ ተናገሩ። የተነቀለ ፓምፕ፣ የተቀየረ ካርቡሬተር፣ የተበየደ ሻንሲ፣ ሁሉንም። በወረቀት ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

2. ሱፐርሞቶ ያልሆነውን ሱፐርሞቶ አትበሉ። ይህ አይነት ሞተር የመጣው በፈረንጆች 1979 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተጀመረ ውድድር ነው፤ የአቧራና የአስፋልት ተወዳዳሪዎችን በአንድ ሜዳ ለማጋጠም የተዘጋጀ ነበር። ፋብሪካ ሲሠራው፣ ለምሳሌ ሱዙኪ ዲአርዚ 400 ኤስኤምን ወይም ያማሃ ደብሊውአር 250 ኤክስን፣ የፊቱም የኋላውም ቸርኬ 17 ነው፤ ፎርኬላውና ፍሬኑም ለዚያው ተብሎ የተስተካከለ ነው። ዛሬ የመጣልኝ ዲቲ ግን ፊቱ 21፣ ኋላው 18 ሆኖ የተሠራ ሞተር ነው። ሰውዬው ከሌላ ሞተር ባለ 17 ቸርኬ አምጥቶ ገጠመበት፣ ሰልባቲዮውን ቀለም ቀባው፣ በቃ። የፊቱ ጎማ ሲያንስ የሞተሩ ፊት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ መሪው ይቀልና በፍጥነት ላይ ይወዛወዛል። ዲቲ ፍጥነቱን የሚያነበው ከፊት ጎማ ስለሆነ ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 80 ሲያሳይ እናንተ ያላችሁት 70 አካባቢ ነው። የተጓዘውንም ኪሎ ሜትር አብዝቶ ይቆጥራል። ሻጩ ይህን ያህል ሥራ የሠራበትን ሞተር «ምንም አልተነካም» ብሎ ነው የሸጠው።

3. ውሃ የጠለቀውን አትደብቁ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ስንቱ ሞተር ግቢ ውስጥ እንዳለ ሰጠመ! ገዢዎች፣ የፊት መብራቱን ፈትታችሁ ውስጡን እዩ፤ የደረቀ ጭቃ ክብ ሠርቶ ይቀራል። የማርሽ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ አትግዙ። ኩሽኔታው ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁም እንደዚያው።

ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ቁጥሩን ልተወው፤ ዋናው በሽታ እዚህ ነው።

የዚህን ልጅ ወረቀት አየሁት። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም። ሻጩ ከሌላ ሰው በውክልና ገዝቶ፣ በውክልናው ላይ ሌላ ውክልና ጨምሮ ለልጁ ሰጠው። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው የት እንዳለ ማንም አያውቅም። የሞተር ቁጥሩን በብሩሽ ጠርጌ ከሊብሬው ጋር ሳመሳክረው አይገጥምም፤ የታችኛው ሞተር ተቀይሯል፣ ለውጡ ግን አልተመዘገበም። ይህ ሞተር ወደ ልጁ ስም ሊዞር ቀርቶ ምርመራ አልፎ ቦሎ ማግኘቱም ያጠራጥራል።

ደላሎች «ውክልና ከያዝክ አለቀ» እያሉ የሚያወሩት ውሸት ነው። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ቀን ይሽረዋል፤ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ያልቃል፣ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ሻጩም አልዳነም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ስምህ ሊብሬው ላይ እንዳለ ገዢው ዓለም በር ላይ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው አንተ ዘንድ ነው። «ሸጬዋለሁ» ብለህ ማስረዳቱ ያንተ ሥራ ይሆናል፤ በእጅህ ያለው በሁለት ምስክር የተፈረመ የሰፈር ውል ከሆነ ደግሞ ሥራው ከባድ ነው።

ደግሞ ሰው ለምን ወደ ውክልና እንደሚሸሽ አውቃለሁ። ስም ለማዛወር አንድ ቢሮ ስትሄድ «ሲስተም የለም» ይሉሃል። ሲስተሙ ሲመጣ ፋይሉ ሌላ ከተማ ነው። ፋይሉ ሲገኝ ፈራሚው ስብሰባ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ገበሬ አልጋ ይዞ እያደረ ይህን ሁሉ ይጠብቅ? አገልግሎቱን የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ ሰውን ወደ ደላላ የሚገፋው የእናንተ መስኮት ነው። ከሕዝብ ጋር ነን ማለት የምትችሉት መስኮቱ ሲከፈት ብቻ ነው!

ይህን ካልኩ በኋላም ሻጭን አልምርም። ችግሩን እያወቀ ወደ ገዢው የሚገፋ ሰው ነጋዴ አይባልም።

ሞተሩ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ከሆነ የጨረታውን ሰነድ አብራችሁ ስጡ። የእርዳታ ድርጅት ከነበረ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እጃችሁን አታስገቡ። በብድር የተገዛ ከሆነ ፋይሉ ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሻጭና ገዢ አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድኑንም እዩት፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው።

በርካታ ሞተር ሰብስባችሁ አንድ አንድ እያላችሁ የምትሸጡ ወንድሞች፣ ገዢውን መጀመሪያ ወደ መካኒክ፣ ቀጥሎ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ይዛችሁት ሂዱ፤ ገንዘቡ እዚያ ይቆጠር። ከዚህ በፊት በውክልና ሸጣችሁ ስማችሁ ያልተነሳ ካለም ለገዢው ዛሬውኑ ደውሉለትና ቀን ቁረጡ።