«ጎመን በጤና» ለማለት፦ የጸደይ ጓሮ በበርክና አካባቢዋ

ከበርክ፣ ቨርጂኒያ

ስለ ፖለቲካው ብዙ ብለናል፤ ነገም እንላለን። ለዛሬ ግን ወደ ጓሮ እንውጣ። በበርክ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ቁራጭ መሬት ያለው ሐበሻ ማርች ሲገባ ዶማውን ያነሳል። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ይተክላል። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችንም ልጆቻቸው ሥራ ውለው እስኪመለሱ ቀኑን የሚገፉት በዚያችው ጓሮ ነው። ታዲያ ጎመኑ ተበልቶ ወንፊት ሲመስል ሩጫው ወደ መደብር፣ የመርዝ ጠርሙስ ፍለጋ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ መልእክት አንድ ነው፦ ከመርዙ በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች አሉ፤ እነርሱን በወቅቱ የሠራ ሰው ጠርሙሱን የሚፈልግበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት

የዚህ አገር ጸደይ አታላይ ነው። ኤፕሪል ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይሞቅና ሰው ሁሉ ቲማቲም ገዝቶ ይተክላል፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ውርጭ መጥቶ ሁሉንም ያጠወልገዋል። ጎመን ብርድ ስለሚችል ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ሊተከል ይችላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ግን የሜይን ሙቀት ይጠብቁ። የአካባቢው አትክልተኞች የእናቶች ቀን እስኪደርስ የሚታገሡት በከንቱ አይደለም። በብርድ የተጎዳ ችግኝ ቢተርፍ እንኳ ለበሽታና ለተባይ የተጋለጠ ይሆናል።

የበርክ አፈር ከባድ ሸክላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አሲዳማ ነው። በጎጃምና በወለጋ ገበሬው አሲዳማ መሬቱን በኖራ እንደሚያክመው እዚህም መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ልኩን የሚነግራችሁ ግን ምርመራ ነው። በቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን በኩል አፈራችሁን ብትልኩ የቨርጂኒያ ቴክ ቤተ ሙከራ በአነስተኛ ክፍያ መርምሮ ምን እንደሚጎድለው ይጽፍላችኋል።

ጎመኑን ማን በላው?

እዚህ የምንተክለው ኮላርድ ከሐበሻ ጎመን ጋር ዘመድ እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም፤ የሁለቱም ጠላት ግን አንድ ነው። ክንፏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ነጭ ቢራቢሮ በአልጋው ላይ ስትዞር ካያችሁ እንቁላል እየጣለች ነው። ቅጠሉን ገልብጡት፤ አንድ በአንድ የተለጠፉ ቢጫ እንቁላሎችና ቅጠል የመሰሉ አረንጓዴ ትሎች ታገኛላችሁ። ትንሽ ጓሮ ከሆነ በጣት ለቅሞ መጨረስ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በተከላችሁ ዕለት አልጋውን በስስ መሸፈኛ ጨርቅ ወይም እንደ አጎበር ባለ መረብ መሸፈን ነው። ጎመን ለቅጠሉ እስከተተከለ ድረስ ንብ አያስፈልገውም፤ ተሸፍኖ ቢያድግ አይጎዳም። ትሉ ከበዛ ከአፈር ባክቴሪያ የሚሠራው ቢቲ የተባለው መድኃኒት አለ፤ የሚገድለው ቅጠሉን የበላውን ትል ነው።

ክሽክሽ ከሆነ በጠንካራ የውኃ ግፊት ታጥቦ ይረግፋል። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጢንዚዛ ካያችሁ ተዉአት፤ ክሽክሽ በልታ የምታድር ወዳጅ ናት። በሌሊት ችግኝ ከሥሩ የሚቀነጥሰውን ቆራጭ ትል ደግሞ ግንዱን በወረቀት ኩባያ ቀለበት በመክበብ ማገድ ይቻላል።

ቲማቲም፣ ኮክና በለስ

የቲማቲም የታችኛው ቅጠል ነጠብጣብ አውጥቶ ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ በዝናብ ጠብታ ከአፈር ወደ ቅጠል ይዘላል። ስለዚህ ከሥሩ ገለባ አንጥፉ፣ ችግኞቹን አራርቁ፣ ውኃ በጠዋት ከሥር አጠጡ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና ሦስት ዓመት ያህል በአንድ ቦታ አታፈራርቋቸው። ስትገዙም ችግኙን መርምሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የቲማቲም ማሳ ያወደመው በሽታ ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ በትልልቅ መደብሮች የተሸጠ ችግኝ ነበር። ያው በሽታ በ1840ዎቹ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቧን በረሃብና በስደት የበተነው ነው።

ፍሬ ለሚወድ፦ ኮክ እዚህ ብዙ ትግል አለበት። ዛፉ ላይ የደረቀና መሬት የወደቀ ፍሬ ካልተለቀመ ብስባሴው ለከርሞ ይተላለፋል። በለስ ግን በዚህ አካባቢ ተባይ እምብዛም አይደፍራትም፤ ለጀማሪ እሷ ትሻላለች።

የመርዝ ነገር

ግድ ከሆነ መርዝ ሊረጭ ይችላል። ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሕግ ነው፤ ለየትኛው ተክል፣ ስንት፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ ይናገራል። የጽጌረዳ መርዝ ለጎመን አይሆንም። ማጠብም ቀኑን መጠበቅን አይተካም። አበባ ላይ መርጨት ንብን ይገድላል። በአገር ቤትም ችግሩ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቢኖርም በስምጥ ሸለቆ አትክልት አምራቾች ዘንድ ያለ መከላከያ ልብስ መርጨት በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል።

በሻንጣ የሚጓዝ

ተባይም እንደኛ ይሰደዳል። የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ በላ። ነጩ የማንጎ ተባይ በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ከዚያ ተስፋፋ። እዚህ ደግሞ ከእስያ የመጣው ባለ ነጠብጣብ ክንፉ ላንተርንፍላይ በ2014 በፔንሲልቬኒያ ታይቶ በ2018 ቨርጂኒያ ገብቷል፤ እንቁላሉ የደረቀ ጭቃ ይመስላል፤ ካያችሁ ፋቁት። ስለዚህ የእናትን የጎመን ዘር በሻንጣ ደብቆ ማምጣት ናፍቆት ቢሆንም አደጋ አለው። ሕጉ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ያላስመዘገበም ይቀጣል። ጤና አዳም እንኳ እዚሁ ከችግኝ ሻጮች ይገኛል።

የታመመ ቅጠል ያላችሁ ለኤክስቴንሽን በጎ ፈቃደኞች አሳዩ፤ በገበያ ቀናት በነጻ ያያሉ። ሜሪላንድ ያላችሁም የራሳችሁ የዩኒቨርሲቲው ኤክስቴንሽን አላችሁ። ልጆች አስተርጉሙላቸው እንጂ ጓሮውን ከወላጆቻችሁ እጅ አትውሰዱ። ጠዋት ጠዋት ቅጠል ገልብጦ የሚያይ ዓይን ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፤ ያ ዓይን ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ነው።

ቸር ያብቅልልን።