የፍራንክሊን ኮሌታ

አከራይዋ ማማ ብሩን ዝም ብለው አይቀበሉም። መቶ ዶላሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ ያነሱታል፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የፍራንክሊንን ኮሌታ ፋቅ ፋቅ ያደርጋሉ። ካልሻከራቸው ይመልሱታል። ቢሻክርም ገና አላለፈም፤ የታተመበት ዓመት ይታያል። ከ2006 በፊት ከሆነ «ሐበሻ፣ ይኼ ሽማግሌ ነው» ብለው ይስቃሉ። ዋሽንግተን ቢቀበለውም ጁባ አይቀበለውም።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ንግድ» እላለሁ። ደላላ ነኝ። ከቶንግፒኝ እስከ ጉደሌ፣ ከሃይ ማላካል እስከ ጉምቦ ቤት አከራይቻለሁ፤ ስለዚህ ጠጋ በልና ልንገርህ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ መስከረም ዓመት አይቀይርም።)

አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ «ጁባ ኪራይ ጨመረ» ይለኛል። በዶላር ከቆጠርከው ብዙው ቤት ዛሬ በደቡብ ሱዳን ነፃነት ሰሞን ከነበረበት ዋጋ በታች ነው። በታኅሣሥ 2013 ጦርነቱ ሲነሳ፣ በሐምሌ 2016 ከተማው ውስጥ ሲታኮሱ፣ ፈረንጁ በአውሮፕላን ወጣ፤ የዶላር ኪራይም አብሮት ወረደ። ሰማይ የወጣው በፓውንድ የሚከፍለው ሰው ኪራይ ነው። ቤቱ ያው፣ በሩ ያው፣ ቆርቆሮው ያው።

ነገሩ የተጀመረው በድንኳን ነው። ጁባን መጀመሪያ የመንግሥት መቀመጫ ያደረጋት በ1972 እኛው አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ ስምምነት ነበር፤ ያ ፈረሰና ከተማዋ የጦር ሰፈር ሆና ኖረች። በጥር 2005 የሱዳን ሰሜንና ደቡብ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ሚኒስቴሩም፣ ዩኤንም፣ ኤንጂኦውም በአንድ ጊዜ መጣ። የሚያርፉበት ቤት የለም። አባይ ዳር በማንጎ ዛፍ ሥር ድንኳን ተተከለ፤ አንድ ሌሊት መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ። ቀጥሎ ኮንቴይነር መስኮት ወጣለትና ሆቴል ተባለ። የጁባ ዋጋ የተወለደው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቆጥ ሠርቶ የሚያከራይ ሰው እንኳ ያንን ድንኳን ነው የሚጠቅስልህ።

በሐምሌ 2011 አገሩ ነፃ ወጣ፤ የትግሉ መሪ የጆን ጋራንግ ፊት ያለበት የራሱ ፓውንድም መጣ። ባንኩ ዶላሩን በ2.95 ገደማ ያዘው። የዚያን ጊዜ 1,000 ፓውንድ የሚያገኝ አስተማሪ ወደ 340 ዶላር በእጁ አለ ማለት ነው፤ ጉደሌ ውስጥ ደህና ክፍል ይከራያል፣ ይተርፈዋልም። በ2012 የአገሩ ነዳጅ ምርት ሲዘጋ ከመንግሥቱ ገቢ 98 ከመቶው ጠፋ። ባንኩ ግን 2.95 ብሎ ቁጭ አለ፤ መንገድ ላይ ዋጋው ሲሮጥ እሱ ዝም። እዚህ ላይ ነው የኛ ሰፈር ምስጢር። በባንክ ዋጋ ዶላር የሚያወጣለት ዘመድ ያለው ሰው መንገድ ላይ ሸጦ ቤት ሠራ። ስንቱን ፎቅ «በ2.95 የተሠራ» እያልን በጣት እንጠቋቆም ነበር፤ የማን ነው ብለህ ግን አትጠይቅም።

በታኅሣሥ 2015 ፓውንዱ ለገበያ ሲለቀቅ በአንድ ቀን 18.5 ገባ። የአስተማሪው 1,000 ፓውንድ 54 ዶላር ሆነ። በጥቅምት 2016 የዓመቱ የዋጋ ንረት 835.7 ከመቶ ተመዘገበ፤ አምና በመቶ የገዛኸውን ዘንድሮ 936 ገደማ ትከፍልበታለህ ማለት ነው። በ2021 የአንድ ሺህ ፓውንድ ኖት ወጣ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ዋጋው አንድ ዶላር ብቻ ሆነ። በየካቲት 2024 በሱዳን ጦርነት መካከል የአገሩን ነዳጅ በሱዳን በኩል የሚያወጣው ቧንቧ ፈነዳ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ባንኩ ራሱ ዶላሩን ከ3,000 በላይ ይመነዝር ነበር። ደመወዙ ተጨምሯል፤ ግን ለወራት አይከፈልም።

ውሉን የምጽፈው እኔ ነኝና አሠራሩን ልንገርህ። መንግሥት በዶላር መዋዋልን ከአንዴም ሁለቴ ከልክሏል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ፓውንድ ይሰፍራል፣ ዶላሩ በቃል ይቀራል። «በዕለቱ ምንዛሪ» የምትል ሐረግ ካየህ ብዕርህን አስቀምጥ። የማን ዕለት? የባንኩ ወይስ የመንገዱ? ጠቡ ሁሉ እዚያች ሐረግ ውስጥ ነው። አገር ቤት በኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል ብዬ ለአንድ አከራይ ብነግረው «ሁለት ዓመት? በአንድ ፓውንድ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅድሚያ ክፍያውስ? ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት። ስስት እንዳይመስልህ። ቤት ሥራበት ብሎ የሚያበድር ባንክ የለም፤ ያንተ ቅድሚያ ነው የሚቀጥለው ክፍል ሲሚንቶ። ሲሚንቶውም ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በዶላር ይመጣል። መሬቱን ደግሞ የውጭ ሰው አይገዛም፤ የ2009ኙ የመሬት ሕግ ሊዝ ብቻ ነው የሚፈቅድልህ። እኛ ሐበሾች መላውን አገኘን፤ ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጥሃል፣ አንተ ትሠራለህ፣ የተስማማችሁበትን ዓመት ተጠቅመህ ትለቃለህ። ብዙው ሆቴል እንዲህ ነው የቆመው። እኔም አንድ ጊዜ ስምንት ክፍል ሠርቼ ነበር። በአራተኛው ዓመት ለዚያው መሬት ሌላ ወረቀት የያዘ ሰው መጣ፤ ማኅተሙ ከኔው ያምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ደላላ የሆንኩት።

ኪራይ ስትሰማ ቤቱን ብቻ አትቁጠር። ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ የቦቴ ውኃ አለ፤ ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ወይም ኤርትራዊ ነው። በ2019 ኤዝራ የተባለው ኩባንያ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር «ጄኔሬተር ሊቀር ነው፣ ኪራይ ይወርዳል» ብዬ ለደንበኞቼ ተናግሬ ነበር። አሁንም ያሾፉብኛል።

ማማን ረስቼ አይደለም። ፊት ለፊት ያለውን ግንብ ቤት ተከራይ ይዞታል፤ እሳቸው ከግቢው ጀርባ በቆርቆሮ ዳስ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ደመወዙን እየጠበቀ እሳቸው ጋ ይበላል። ባለፈው ወር የዓመት ቅድሚያ አምጣ አሉኝ። ለምን ስል ለልጅ ልጃቸው ካምፓላ የትምህርት ቤት ክፍያ። ተከራዩን ለምኜ አመጣሁላቸው። አንድ በአንድ ፋቁት፤ አንዱን ለይተው መለሱልኝ፣ 2003 ይላል። የኮኞ ኮኞ ገበያ መንዛሪ በስልሳ እወስደዋለሁ አለኝ። እምቢ ብዬ ኪሴ አስገባሁት።